የማልታ ፍየሎች ደም

ስሙኝማ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍየል ነው፤ ተረት ግን አይደለም። በ1905 ማልታ ደሴት ላይ የሆነ ነገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።

ያኔ ማልታ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። ቫሌታ ከተማ ውስጥ ወተት የሚሸጠው እንዲህ ነው፦ እረኛው ፍየሎቹን በጠባቡ መንገድ እየነዳ ይመጣል፣ በየደጁ ይቆማል፣ የቤቱ እመቤት ዕቃዋን ታቀብለዋለች፣ እሱም ዓይኗ እያየ እዚያው ያልብላታል። ከዚህ የበለጠ ትኩስ ወተት ከየት ይመጣል? ነዋሪው ጠጣ፣ ወታደሩም ጠጣ።

ወታደሩ ደግሞ ይታመም ነበር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይተወዋል፣ ተረሳ ሲሉት ይመለሳል። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ቀን መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ አልጋ ላይ ወራት ይከርማል። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም በ1887 ጀርሙን በዚሁ በሽታ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ አውጥቶ አሳይቷል። ከየት እንደሚመጣ ግን ለዓመታት አልታወቀም። አቧራ ተጠረጠረ፣ ትንኝ ተጠረጠረ፣ የቦይ ሽታ ተጠረጠረ። ፍየሏን ማን ይጠርጥር? ትበላለች፣ ትዘላለች፣ ትታለባለች።

ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ግን ደሟን ጠየቀ። ዛሚት የማልታ ተወላጅ ሐኪም ነው፤ በኋላ የደሴቲቱን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በመቆፈርም ስሙ የገነነው እሱ ነው። ጤነኛ የሚመስሉ ስድስት ፍየሎች ደም ቀዳ፤ የአምስቱ ደም ጀርሙን ያውቀዋል!

ደም እንዴት ያውቃል? ተቀድቶ ሲቀመጥ ይረጋል፤ ከላዩ ሴረም የሚሉት ቢጫ ውሃ ይለያል። ያንን ከሞተ ጀርም ጋር ይቀላቅሉታል። እንስሳዋ ከዚያ ጀርም ጋር ታግላ ከሆነ፣ በሴረሙ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ጀርሞቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል፤ ድፍርሱ ይጠራል፣ ከሥር ዝቃጭ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ምርመራው በሽታውን ራሱን አያይም። አካሉ ስለ በሽታው የሚያስታውሰውን ነው የሚያነበው።

ወተቱ ውስጥ ግን ጀርሙ በሕይወት ተገኘ። በዚያው ዓመት ጆሹዋ ኒኮልሰን የተባለች መርከብ ከ60 የሚበልጡ የማልታ ፍየሎች ጭና ወደ አሜሪካ ስትጓዝ፣ ጥሬ ወተቱን ከጠጡት መርከበኞች ብዙዎቹ ታመሙ። በ1906 የፍየል ወተት ከጦሩ ማዕድ ወጣ፤ የወታደሮቹም ትኩሳት ወዲያው አሽቆለቆለ።

ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ እዚህ ላይ ያበቃል። ለእኔ የሚጥመኝ ከዚህ ወዲህ ያለው ነው።

በሽታው ዛሬ ብሩሴሎሲስ፣ ጀርሙም ብሩሴላ ይባላል፤ እኛም ዘንድ አለ። ላም ጥጃዋን ትጥላለች፤ ጥሬ ወተት የጠጣው ሰው በትኩሳት ይነዳል፣ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ይባላል። የእንስሳት ሐኪሙ በእጁ ያለው ሮዝ ቤንጋል ነው፦ ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም፣ አጠገቡ ሮዝ ቀለም የተነከረ የሞተ ጀርም አንድ ጠብታ። በእንጨት ያዋህድና ሰሌዳውን አራት ደቂቃ ቀስ እያለ ያወዛውዛል። ጠብታው እንደለሰለሰ ከቀረ ነፃ ናት፤ አሸዋ የመሰለ ቅንጣት ከቋጠረ ተጠርጣሪ ናት። ርካሽና ፈጣን ነው፤ መብራት አይፈልግም። እኔ በግሌ እጅ እነሳዋለሁ።

የዚህ ምርመራ ጣጣ የመጣው ለላሞች ከተሠራው ክትባት ነው። በ1923 ጆን በክ የተባለ አሜሪካዊ ከአንዲት የጀርሲ ላም ወተት ጀርሙን አውጥቶ ያሳድጋል። የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ከዓመት በላይ ተረስቶ ሲገኝ ጉልበቱ ደክሟል። ያ የተረሳ ጀርም፣ ኤስ 19 ተብሎ፣ የዓለም ላሞች ክትባት ሆነ። ላሚቱን ይጠብቃታል፤ ግን ደሟን ሲመረምሩት፣ በተለይ ካደገች በኋላ ተከትባ ከሆነ፣ ልክ እንደታመመች ይናገራል። ታማለች ወይስ ተከትባለች? ለባለቤቷ ይህ ቀልድ አይደለም፤ አንደኛው መልስ ቄራ ነው።

ስለዚህ አርቢ 51 የሚባል ሌላ ክትባት ተሠራ። ምርመራው የሚፈልገው፣ ከጀርሙ ገላ ላይ የሚወጣ የስኳር ሰንሰለት የለውም፤ የተከተበችው ላም ደም ዝም ይላል። ግሩም! ግን አርቢ 51ም ሕያው ጀርም ነውና አልፎ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። በ2017 ቴክሳስ ውስጥ ጥሬ ወተት የጠጣ ሰው በእሱ ታመመ። የተለመደው የደም ምርመራ ደግሞ ሰውም ላይ አያየውም፤ እንዳይታይ ተብሎ የተመረጠ ነዋ! በዚያ ላይ ለብሩሴሎሲስ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል።

ሌላም አለ። የርሲኒያ የሚሉት የአንጀት ጀርም አንዱ ዓይነት ያንኑ የስኳር ሰንሰለት ለብሷል፤ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ የለበሱ ሁለት ባዕዶች በሉት። አውሮፓ ውስጥ በዚህ የተነሳ ስንቱ ንጹሕ መንጋ ተጠርጥሮ ታገደ። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶችና በእንግሊዝ የዌይብሪጅ ተመራማሪዎች ጥለቱን ክር በክር ፈትሸው ልዩነቱን አገኙት፦ የብሩሴላ ስኳሮች አልፎ አልፎ በሌላ ማዕዘን ይያያዛሉ፤ የየርሲኒያዎቹ ግን ሁሉም በአንድ መንገድ ነው። ያችን የማዕዘን ቁራጭ ብቻ፣ ሁለት ስኳር የምታህለውን፣ በኬሚስትሪ ሠርተው ደሙን በእሷ ጠየቁት። የታመመችው ላም ደም መለሰ፤ በየርሲኒያ ሰበብ ከተጠረጠረው ደም አብዛኛው ዝም አለ።

ይህ ሮዝ ቤንጋልን ከሐኪሙ ቦርሳ አያስወጣውም፤ ሰሌዳው ላይ የተጠረጠረውን ማጣሪያ ነው። አንድ ጥቅም ግን ጨምሮ ይዟል። ለድሮው ምርመራ የሚውለውን የሞተ ጀርም ለመሥራት ሕያው ብሩሴላ በብዛት ማሳደግ ግድ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራተኛን ከሚይዙት በሽታዎች ብሩሴሎሲስ ከቀዳሚዎቹ የሚሰለፍ ነው። ስኳሩን የሚሠራው ኬሚስት ግን ጀርሙን በዓይኑም ማየት አያስፈልገውም።