በ22 ቀለበቶች የሚገባ ሙዚቃ

የኮክሌር ኢምፕላንት ኤሌክትሮድ
ፕላቲነም እና ሲሊኮን

በቀጭኑ የሲሊኮን ክር ላይ የተደረደሩትን ቀለበቶች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። መሣሪያው በተተከለለት ሰው ጆሮ ውስጥ ድምፅ ወደ መስማት ነርቭ የሚደርሰው በእነዚህ 22 ቀለበቶች የኤሌክትሪክ ምት ነው። ጤናማ ጆሮ ለዚሁ ሥራ 3,500 ገደማ የውስጥ ፀጉር ሕዋሳት አሉት።

ተመራማሪው ግሬም ክላርክ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ሜልበርን ውስጥ ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ መሣሪያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ አዋቂ ሲተክሉ ዋና ዓላማቸው ንግግር ማሰማት ነበር። ሙዚቃ ከንግግር የበለጠ ይጠይቃል። የሙዚቃው ምት ሳይዛነፍ ስለሚደርስ መሣሪያው የተተከለለት ልጅ ከበሮውን ተከትሎ ማጨብጨብ አያዳግተውም። ዜማው ግን ይደበዝዛል፤ ተቀራራቢ ድምፆች ይምታታሉ፣ ዋሽንትን ከቫዮሊን መለየትም ይከብዳል። የሚያውቀው መዝሙር እንኳ ያለ ግጥም በዜማው ብቻ ሲሰማ ሊጠፋበት ይችላል።

ይህን ጎደሎ ሙዚቃ ብሎ ማለፍ ግን ልጆቹን መበደል ነው። ጎልማሳ ሆነው መስማት ያጡ ሰዎች በመሣሪያው የሚሰሙትን ከቀድሞው ጋር እያነጻጸሩ ብዙ ጊዜ ያዝናሉ። መስማት ተስኗቸው የተወለዱ ልጆች የሚያነጻጽሩበት ትዝታ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ሙዚቃ ይወዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ፒያኖ የሚማሩም አሉ፤ ዜማን የመለየት ችሎታም በልምምድ ይሻሻላል።