አበበ ቢቂላ በቦስተን ኮረብቶች
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የአበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ጊዜ ሁላችንም የምናስታውሰው ሁለት ቀኖችን ነው። አንደኛው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን የደገመበት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን እምብዛም የማናነሣው ሌላ ቀን አለ። ይኸውም ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ሳምንት ዓርብ፥ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የተሸነፈበት ቀን ነው። የጀግናን ሽንፈት መተረክ ክብሩን መቀነስ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በኮረብታማ ከተማ ለመሮጥ የሚዘጋጅ ሰው ከሮማው ድል ይልቅ ከቦስተኑ ሽንፈት አብልጦ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

የማራቶን ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ቍጥሩ ለጆሮ ብቻ እንዳይቀር፥ በጅማና በየቡ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደውን መንገድ አስቡ። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሯጩ አጋሮ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው ማራቶኑን ይፈጽማል፤ የቡ ሲደርስ ግን ገና እኩሌታው አካባቢ ነው። በዚያ በቡና አገር ሽቅብና ቍልቍል በእግሩ የተመላለሰ ሰው፥ ዳገት ትንፋሽን፥ ቍልቍለት ደግሞ ጕልበትን እንደሚበላ የሚነግረው አስተማሪ አያሻውም።

የቦስተን ሩጫ የተጀመረው በ1889 ዓ.ም. ነው። መነሻው ሆፕኪንተን የምትባል ትንሽ ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መድረሻው ወደ ባሕሩ ዳር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ከፍታ ይባላል? ነገር ግን መንገዱ ተንኰለኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ቍልቍል ይወርዳል፤ ከ26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፥ በእኛ መለኪያ ከየቡ እልፍ ካሉ ወዲያ፥ በኒውተን አራት ዳገቶች ተከታትለው ይመጣሉ። የመጨረሻው በ33ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚገኘው ሲሆን፥ አሜሪካኖች «ልብ ሰባሪ ኮረብታ» ብለውታል። ቁመቱ 30 ሜትር እንኳ አይሞላም። በእኛ አገር ቢሆን ስም የሚያወጣለት አይገኝም ነበር።

አበበ ወደዚያ የሄደው ከጓደኛው ከማሞ ወልዴ ጋር ነበረ። ከሮማው ድል በኋላ በ1953 ዓ.ም. በአቴናና በኦሳካ፥ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያም በቼኮስሎቫኪያ በኮሺሴ አሸንፎ ነበር። በቦስተንም ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ፤ እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ የሮጡበት ፍጥነት የስፍራውን ክብረ ወሰን የሚሰብር ነበረ። ከዚያ በኋላ ብርዳሙ ነፋስና የኒውተን ዳገቶች አንድ ላይ ያዟቸው። የቤልጂጉ ተወላጅ ኦሬል ቫንደንድሪሽ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ 5ኛ፥ ማሞም 12ኛ ሆኑ። ከሮማ እስከ ቶኪዮ ባሉት ዓመታት አበበ በማራቶን የተሸነፈው በዚህ ቀን ብቻ ነው።

የደጋ ሰው በዚያች ጕብታ ላይ ስለ ምን ደከመ? ነፋሱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። መንገዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ፥ ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ሯጩን ፊት ለፊት ደረቱን ይመታዋል። እኔ ግን ጉዳቱ ከዳገቱ በፊት፥ በቍልቍለቱ ላይ የተጀመረ ይመስለኛል። ሰው ሽቅብ ሲሮጥ የጭኑ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ቍልቍል ሲሮጥ ግን ያው ጡንቻ ሰውነቱን ለመግታት እየተለጠጠ ይሠራል፤ ለሚጋልብ ፈረስ ልጓም እንደ መያዝ ነው። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ በቀጫጭን ክሮቹ ላይ ይጎዳል። ትንፋሽ አይጨነቅም፥ ሕመምም ገና አይሰማም፤ እንዲያውም ሯጩ ዕለቱ የቀናለት ይመስለዋል። ዕዳው የሚጠየቀው ዳገቱ ሲመጣ ነው።

አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገድን አስቀድሞ የመመርመርን ጥቅም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በሮማ ከአበበ ጋር መንገዱን አይተው፥ ከመጨረሻው አጠገብ፥ ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደው ያቆሙት ሐውልት ባለበት ስፍራ ጥቂት ዳገት እንዳለ ተመለከቱ። አበበም ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው በዚያ ስፍራ ነው። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል።)

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ከቢሮ ሥራው በኋላ ለእንዲህ ያለ ሩጫ የሚሰናዳ ቢኖር፥ የፈረንጆቹ ፀደይ በእኛ በልግ ላይ ስለሚውል፥ ዋናው ልምምድ በበጋው ወራት ይወድቃል። ያን ጊዜ ዳገት መውጣትን ብቻ አይለማመድ። ብዙ ሰው ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ ቍልቍለቱን በእግሩ ይመለሳል፤ ይህ ልምምዱን በእኩሌታው ትቶ መሄድ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፥ አስቀድሞ አጭርና ለስላሳ በሆነ መሬት፥ ኋላም እያስረዘመ፥ አጭር እርምጃ እየተራመደ ቍልቍል ይሩጥ። በመጠኑ ተጎድቶ ያገገመ ጡንቻ ለሚቀጥለው ቍልቍለት በርትቶ ይነሣል፥ ብርታቱም ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከብርቱ ቍልቍለት ማረፍ ይገባዋል። በዕለቱም መጀመሪያ ላይ ሌሎች ቢቀድሙት አይደንግጥ፤ ውድድሩ ገና የቡ አልደረሰም።

ማሞ ወልዴ ከቦስተን ከተመለሰ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ባቋረጠበት በሜክሲኮ ማራቶን አሸነፈ። ቦስተን ግን በኢትዮጵያዊ ለመሸነፍ 26 ዓመት ፈጀባት። በ1981 ዓ.ም. አበበ መኮንን ቀዳሚ ሆኖ ገባ። በ1989፥ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ፋጡማ ሮባ በዚያው መንገድ፥ ያንኑ ቍልቍለት ወርዳ ያንኑ ኮረብታ ወጥታ፥ ከሴቶች ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ሆናለች።