ነዋሪ ነው፤ መራጭ አይደለም

ድምፅ መስጠት የዜጋ ብቻ መብት ነው ሲባል ብዙዎቻችን ያለ ክርክር እንቀበለዋለን። ዜጋ ይመርጣል፤ የውጭ ሰው ዳር ቆሞ ይመለከታል። ታሪክን ገለጥ አድርጎ ላየ ሰው ግን ይህ ሕግ የሚመስለውን ያህል ዕድሜ ያለው ሆኖ አይገኝም። እጅግ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ፣ ዜግነት የሌለው ሰው ለፕሬዚዳንት ጭምር ድምፅ ይሰጥ የነበረበት ዘመን ካበቃ ገና መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ዛሬ በየአገሩ አንድ ጥያቄ ያከራክራል። በአንድ አገር በሕግ ተፈቅዶለት ለዘለቄታው የሚኖር፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ዜጋ ሳይሆን ቢመርጥ ምን ይላል? እኔ መልስ አለኝ። መልሴን ከመናገሬ በፊት ግን ጥያቄው የመጣበትን መንገድ አብረን ብንመለከት እወዳለሁ። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግማሽ ጋሻ መሬትና ሁለት ዓመት

የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ከተነሱባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ወኪሎቻችን በሌሉበት ፓርላማ ግብር ሊጣልብን አይገባም የሚል ነበር። ነጻነታቸውን ሲያገኙ ይኸው ክርክር ዞሮ እነሱን ጠየቃቸው። ግብር የሚከፍል፣ መሬት የሚያለማ፣ ዜጋ ግን ያልሆነ ሰው በመካከላቸው ነበርና።

በ1787 ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ሰፊ አገር እንዴት እንደሚተዳደር ኮንግረስ ሲደነግግ ለመራጭነት ሁለት በር ከፈተ። በአንደኛው በር የሚገባው የአንድ ስቴት ዜጋ ሆኖ በዚያ የሚኖርና 50 ኤከር መሬት ያለው ሰው ነው። ሁለተኛው በር ያንኑ ያህል መሬት ይዞ ሁለት ዓመት ለኖረ ወንድ የተከፈተ ነበር። 50 ኤከር በእኛ በቀድሞው ልኬት ወደ ግማሽ ጋሻ ይጠጋል። እንግዲህ በዚህ በር ለሚገባ ሰው ግማሽ ጋሻ መሬትና የሁለት ዓመት ኑሮ ይበቃው ነበር፤ የዜግነት ወረቀት አምጣ የሚለው አልነበረም።

ዊስኮንሲን በ1848 ስቴት ስትሆን ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደችው። ዜጋ ለመሆን አስባለሁ ብሎ በሕግ ፊት ቃሉን የሰጠ ነጭ የውጭ ተወላጅ ወንድ እንዲመርጥ ፈቀደች። ሚኒሶታ፣ ካንሳስ፣ ነብራስካና ሌሎችም ተከተሏት። ቀስ በቀስም ከ20 በላይ ስቴቶችና ግዛቶች ይህን መብት በአንድም በሌላም ጊዜ ሰጥተዋል። ለምን ቢባል፣ መሬቱ ሰፊ፣ የሚያርሰው ሰው ደግሞ ጥቂት ነበር። ጀርመኑና ኖርዌጂያኑ ገበሬ ወደ ሌላው ስቴት እንዳይሄድ በምርጫ ካርድ ያባብሉት ነበር ማለት ይቻላል።

ማባበያው ግን ግዴታም ነበረው። የእርስ በርሱ ጦርነት በተፋፋመበት በ1863 የወጣው የምልመላ ሕግ ዜጋ ለመሆን ቃል የሰጡትን የውጭ ተወላጆች ለግዳጅ ጠራ። ፕሬዚዳንት ሊንከንም በዚያው ዓመት ባወጡት አዋጅ፣ ቃሉን የሰጠ ሰው ገና ዜጋ አልሆንኩም በማለት ከዘመቻ እንደማያመልጥ አስታወቁ። በአንጻሩ ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ስቴቶች በ1861 በጻፉት ሕገ መንግሥት፣ የእነሱ ዜጋ ያልሆነ የውጭ ተወላጅ በማንኛውም ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጥ ከለከሉ። የሚገርመው፣ ጦርነቱ አልቆ የሠራተኛ እጥረት ሲመጣ ከእነዚሁ ከደቡቦቹ መካከል አላባማ፣ አርካንሳስና ቴክሳስ የከለከሉትን በር መልሰው ከፈቱ።

ዜጋዋ ስትመለስ

የዚህን ታሪክ ጉድ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በሚዙሪ ስቴት የሆነው ነገር ነው። በ1872 ቨርጂኒያ ማይነር የተባለች የሴንት ሉዊስ ከተማ ነዋሪ በመራጭነት ለመመዝገብ ቀረበች። መዝጋቢው ሪስ ሃፐርሴት ሴት በመሆንሽ አልመዘግብሽም ብሎ መለሳት። ባለትዳር ሴት በጊዜው ሕግ ብቻዋን መክሰስ ስለማትችል የሕግ ባለሙያ የነበረው ባለቤቷ ፍራንሲስ ማይነር አብሯት ከሳሽ ሆኖ ቆመ። ክርክሯ አጭር ነበር። ዜጋ ነኝ፤ ዜጋ ከሆንኩ መምረጥ መብቴ ነው አለች።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1875 በሙሉ ድምፅ ፈረደባት። ዜጋ መሆኗን አልካደም። ነገር ግን ዜግነት ብቻውን የመምረጥ መብት አያስገኝም አለ። ለዚህ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የውጭ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ዜጋ ለመሆን ቃል የሰጡ የውጭ ተወላጆች በተለያዩ ስቴቶች፣ በራሷ በሚዙሪም ጭምር፣ ድምፅ እንደሚሰጡ ጠቀሰ። ያለ ዜግነት መምረጥ ከተቻለ፣ ዜጋ ሆኖም አለመምረጥ ይቻላል ማለት ነው።

አንባቢ ልብ ይበል። በአገሪቱ ተወልዳ ያደገች ዜጋ ከምርጫ ምዝገባ ስትባረር፣ በቅርብ ዓመታት ከመርከብ የወረደ ጀርመናዊ ወንድ በዚያው ጣቢያ ካርዱን ይጥላል። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ዜግነትና ድምፅ እንደ መንታ አብረው የተወለዱ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ያ ዘመን ለባይተዋር ሁሉ የደግነት ዘመን አልነበረም። በሩ የተከፈተው ለሚፈለገው ሰው ብቻ ነበር። ቻይናዊው ዜጋ እንዳይሆን ሕግ ስለከለከለው ቃል ልስጥ ቢልም የሚቀበለው አልነበረም። የምድሪቱ ቀደምት ሕዝቦች ሁሉ በአገራቸው ዜጎች ናችሁ የተባሉት በ1924 ነው።

በሩ ሲዘጋ

የሚፈለገው ሰው ሲለወጥ ሕጉም ተለወጠ። ወደ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚጎርፈው ድሃ ስደተኛ በነባሩ ዘንድ ፍርሃት አሳደረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ትናንት በካርድ ሲባበል የነበረው ጀርመናዊ በአንድ ጊዜ ጠላት መስሎ ታየ። ስቴቶቹ አንድ በአንድ በሩን ዘጉ። የመጨረሻዋ አርካንሳስ ነበረች፤ እሷም በ1926 ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ የታዩት ሙከራዎች በከተማ ደረጃ የተወሰኑ ናቸው። ዋሺንግተንን የምታዋስነው ትንሿ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማ ምርጫ ታሳትፋለች። የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት በ2021 ማብቂያ 800,000 ለሚሆኑ ነዋሪዎች የከተማ ምርጫ መብት የሚሰጥ ሕግ ቢያሳልፍም፣ የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2025 ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል። የዋሺንግተን ከተማ ምክር ቤት በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። በኮንግረስ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም በ2024 ተሠርቶበታል፤ በዚያው ዓመትም ዜጋ ያልሆነ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ለሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ተመርጧል። በፌዴራል ምርጫ ግን ጨዋታ የለም። ከ1996 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሰዋል።

ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ስዊድን በ1975 ባወጣችው ሕግ ሦስት ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎችን ከ1976 ጀምሮ በማዘጋጃ ቤትና በአውራጃ ምርጫ አሳትፋለች፤ ፓርላማውን ግን ለዜጎቿ አስቀርታለች። ኒውዚላንድ በ1975 ከዚያም አልፋ ለቋሚ ነዋሪዎች የፓርላማውን ምርጫ ጭምር ከፈተች። በጀርመን ሃምቡርግና ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የሞከሩትን ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1990 ሻረባቸው፤ ድምፅ ከጀርመን ሕዝብ፣ ማለትም ከዜጋው፣ ብቻ ይመነጫል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የአውሮፓ ስምምነት ሲመጣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተሻሽሎ የሌሎቹ አባል አገሮች ዜጎች በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ተፈቀደ። በቅርቡ የመጣው ጣሊያናዊ ሲመርጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀው ቱርካዊ ቀረ። የማይነካ የተባለው መርሕ ለሚፈለገው ሰው ሲሆን ተነካ።

ካልተመቸህ ዜጋ ሁን

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ነገር ቀላል አይደለም። ድምፅ የታማኝነት ምልክት ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው በአገር ዕጣ ላይ ሊወስን አይገባም ይላሉ። መምረጥ የፈለገ ዜጋ ይሁን ነው ነገሩ። በጦርነትና በሰላም፣ በድንበርና በሕገ መንግሥት ጉዳይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የብሔራዊው ምርጫ ለዜጋ ይሁን።

ነገር ግን «ዜጋ ሁን» የሚለው ምክር ለኢትዮጵያዊ የሚያስከፍለው ዋጋ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጃችን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ዘመዴ ግሪን ካርድ ይዞ ብዙ ዓመት ቆይቷል። ዜግነቱን ለመለወጥ ልቡ እምቢ አለው። ይህ ሰው በአሜሪካ ብሔራዊ ምርጫ አይመርጥም፤ ዜጋ አይደለምና። የአገራችን የምርጫ ሕግ በምርጫ ክልሉ መኖርን ስለሚጠይቅ እዚህም አይመርጥም፤ ነዋሪ አይደለምና። ግብር የሚጥልበት መንግሥት አለ፤ ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት አለ፤ ሁለቱም ግን ድምፁን አይጠይቁትም። ልቡ ጨክኖ ዜግነቱን ቢለውጥና ቢመለስ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቢጫ ካርድ ያገኛል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል። መምረጥና መመረጥ ግን በዚያው አዋጅ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ለራሳችንም አንድ ጥያቄ ማቅረብ ተገቢ ነው። ወገኖቻችን በዋሺንግተን ይምረጡ ስንል ደስ ይለናል። በእኛስ ከተማ? በአዲስ አበባ ትውልድ የቆጠሩ አርመኖች፣ ግሪኮችና የመኖች ነበሩ፤ የቀሩም አሉ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ ነበር። ዛሬ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። እንዲህ ያለው ነባር ነዋሪ ዜግነታችንን ካልወሰደ፣ በሰፈሩ ውኃና መንገድ ጉዳይ እንኳ ካርድ አይጥልም። ለወገናችን የምንጠይቀውን ለእሱ ከነፈግን ክርክራችን መብት መሆኑ ቀርቶ ዘመድ መርዳት ይሆናል።

መልሴ ይህ ነው። ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪ ለተወሰኑ ዓመታት ከኖረ በኋላ በሚኖርበት ከተማ ምርጫ ይሳተፍ። የኒውዮርክና የዋሺንግተን ሕጎች የጠየቁት 30 ቀን ለእኔም ያንሰኛል፤ በሠላሳ ቀን ሰው ጎረቤቱንም አያውቅ። የስዊድኑ ሦስት ዓመት ግን ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ አምስትም ቢባል አልከራከርም። ዋናው ነገር ልኩ በጊዜና በኑሮ እንዲወሰን ነው። የአሜሪካ ታሪክ እንዳሳየን ልኩ በቀለም ወይም በወቅቱ ፍላጎት ከተወሰነ፣ ሰው ሲፈለግ የተሰጠው ካርድ ሰው ሲበዛ ይነጠቃል።