ልጁ ነቅቶ ሳለ አንጎሉ ሲታመም፦ የንቃት ነጥብ የማይደርስበት የሕመም ክብደት

እ.ኤ.አ. በ1998 ታይዋንን በመታው የኢንቴሮቫይረስ 71 ወረርሽኝ በጽኑ ታመው ከተመዘገቡት 405 ሕሙማን 78ቱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ቫይረሱ ብዙዎቹን ልጆች የሚያሳምመው በጥቂት ቀናት በሚለቅ የእጅ፣ የእግርና የአፍ ቁስለት ነው። በጥቂቶቹ ግን እስከ አንጎል ግንድ ይዘልቃል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሆስፒታል ሲደርሱ እናታቸውን ለይተው ያውቃሉ፣ ሲጠሯቸው ይመልሳሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ ይሞታሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ በግላስጎው የኮማ መለኪያ ቢመዘን ከ15ቱ ነጥብ ብዙም አይጎድልበትም። ሐኪሞቹ ቲስዴልና ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ይህ መለኪያ ዐይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ይመዝናል። አፉን ላልፈታ ሕፃን የንግግሩ ክፍል ስለማያገለግል፣ በማላዊ ብላንታየር የሚሠሩ ሐኪሞች ወባ አንጎላቸው ላይ ለወጣባቸው ልጆች ከ0 እስከ 5 የሚቆጠር ሌላ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ሁለቱም ብዙ ሕይወት አትርፈዋል ብዬ አምናለሁ። የሚመዝኑት ግን ንቃትን ብቻ ነው።

ኢንቴሮቫይረስ 71 የሚጎዳው ልብንና የደም ሥሮችን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲታወክ ሲምፓቴቲክ ነርቮች ልጓም ያጣሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይጨምራሉ፣ ልጁን ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ቀጥሎ ልብ ይደክማል፣ ሳንባም ውኃ ይቋጥራል። በዚህ ሰዓት ሐኪሙ ተራ ሾክ (የደም ዝውውር መዳከም) መስሎት በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ቢሰጥ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከእናት አፍ ነው፦ «እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ይበረግግብኛል» ትላለች። ይህ ቃል በሕሙማን ካርድ ላይ ከንቃት ነጥቡ እኩል ሊጻፍ ይገባዋል።

የጃፓን ኢንሴፋላይተስ የተባለው ሌላው የአንጎል ቫይረስ ሕመም ደግሞ ችግሩን በሌላ በኩል ያሳያል። በቬትናም በተደረገ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ራሳቸውን የሳቱ ከሚመስሉ ሕሙማን አንዳንዶቹ በማያቋርጥ የሚጥል ሕመም ውስጥ እንደነበሩ ታውቋል፤ ከውጭ የሚታየው የአንድ ጣት ወይም የቅንድብ ርግብግብታ ብቻ ነበር። ነጥቡ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። የዝቅታው ምክንያት ግን በመድኃኒት ሊቆም የሚችል መንቀጥቀጥ መሆኑን ነጥቡ አይናገርም፤ ይህን ማወቅ ጣትንና ቅንድብን ቆም ብሎ የሚመለከት ሰው ይጠይቃል።

ስለዚህ የሕመም ክብደት የሚለካው ልጁ ሆስፒታል በገባበት ሰዓት በተሰጠ አንድ ቁጥር ሳይሆን በተደጋገመ ምልከታ ነው፤ ከንቃቱ ጎን የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስና ብርገጋ እየተመዘገቡ። የልብ ምትም ቢሆን እንደ አቆጣጠሩ ነው፤ ትኩሳትና ለቅሶ ስለሚያፈጥኑት የቬትናም የእጅ፣ የእግርና የአፍ ሕመም ሕክምና መመሪያ ልጁ ትኩሳት ሳይኖረው፣ ጸጥ ብሎ እንደተኛ እንዲቆጠር ያዝዛል።