ድንኳንና ደን

በቀደመው ዘመን በአገራችን ድንኳን የሚተከለው ለሥራ ነበር። ንጉሡ ለዘመቻ ወይም አገር ለመጎብኘት በተነሣ ጊዜ ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ዳኞቹና ነጋዴዎቹ አብረው ይነሣሉ፤ በሰፈሩበትም ስፍራ ባዶው ሜዳ ባንድ ቀን ከተማ ይሆናል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ዓ. ም. በኢትዮጵያ ተቀምጦ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠፈር በዐይኑ አይቶ ጽፎልናል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ዛሬ ግን ድንኳን ለዕረፍትም ይተከላል። የከተማ ሰው የሥራውን ሳምንት ፈጽሞ፣ ብርድ ልብሱንና ድስቱን በመኪና ጭኖ ወደ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ ከዛፍ ሥር ሰፍሮ፣ እሳት አንድዶ፣ የውሃውን ድምፅ እየሰማ ያድራል። ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተስፋፋና ያስጠለለውን ዛፍ ምን እንዳደረገው መመርመር ይገባል።

ሕዝብን ለደስታ ብሎ ወደ ዱር እንዲሄድ ካነሣሡት ሰዎች መካከል ዊልያም ሙሬይ የተባለው አሜሪካዊ በግንባር ቀደምትነት ይጠራል። ይህ ሰው በቦስተን ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። በኒውዮርክ ግዛት በስተ ሰሜን አዲሮንዳክ የሚባል ተራራማና ደናማ አገር አለ፤ በውስጡም ትልቁና ትንሹ ቢቈጠር 3,000 የሚያህል ሐይቅና ኩሬ ይገኛል። ሙሬይ በዚያ በጀልባ እየተዘዋወረ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ በድንኳን እያደረ ያሳለፈውን በ1869 ዓ. ም. በመጽሐፍ አሳተመ። የጥዱ አየር ሕመምተኛን እንደሚፈውስ፣ ወይዛዝርትም ሳይፈሩ ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ምን ዐይነት ልብስ እንደሚያዝና መንገድ መሪው እንዴት ያለ ሰው መሆን እንደሚገባው ዘርዝሮ ጻፈ። በዚያው ዓመት በጋ ሕዝቡ መጽሐፉን ይዞ ጎረፈ። ብዙዎቹ ያገኙት ግን ዝናብና ትንኝ፣ ማረፊያ የታጣበትም ቤት ነበር፤ ጋዜጦችም «የሙሬይ ጅሎች» እያሉ አፌዙባቸው። ፌዙ አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ።

ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ግን በተዝናኞቹ ፍቅር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። እንጨት ቈራጮች ተራራውን እየገፈፉ በመሄዳቸው፣ የኒውዮርክ ነጋዴዎች ወንዙ ጐድሎ ዕቃ የሚያመላልሱበት የመርከብ ቦይ እንዳይደርቅባቸው ሠጉ። የግዛቱ መንግሥት በ1885 ዓ. ም. ደኑን ከለለ፤ በ1892 ዓ. ም. ፓርክ ብሎ ሰየመው፤ በ1894 ዓ. ም. ደግሞ የመንግሥቱ ደን ለዘለዓለም ዱር ሆኖ እንዲኖር የሚያዝ ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጻፈ። የነጋዴ ሥጋት አንዳንድ ጊዜ ከባለቅኔ ምስጋና ይበልጥ ይጠቅማል።

ሕግ ግን የሚከለክለው ምሳርን ነው። ከ1908 ዓ. ም. በኋላ የፎርድ ፋብሪካ በርካሽ የሚገዛ መኪና ማውጣት ሲጀምር በጀልባና በእግር ይደረስበት የነበረው ስፍራ ሁሉ በጎማ ተደረሰ። እያንዳንዱ ሰው ደስ ወዳለው ዛፍ እየነዳ ይገባል፤ ሌላው በሌላ በኩል ይወጣል፤ እሳቱም በየቀኑ በአዲስ ቦታ ይነዳል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ምሳር ያልነካቸው ዛፎች በሠፈሩ ውስጥ መድረቅ ጀመሩ።

ነገሩን ተከታትሎ የመረመረው የዛፍ በሽታ ዐዋቂው ኤሚሊዮ ማይነክ ነው። እርሱ እንዳስረዳው መሬት ብዙ እግርና ጎማ ሲመላለስበት እንደ ዐውድማ ይጠጠራል። የዝናቡ ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይፈሳል፤ ሥሩም አየር ያጣል። በመጀመሪያ ሣሩና ቍጥቋጦው ይጠፋል፤ ቀጥሎ ቡቃያው ተረግጦ ስለሚያልቅ ተተኪ አይበቅልም። ትልቁ ዛፍ ግን ለብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ ስለሚቆም፣ ከጥላው የሚቀመጠው ሰው እየገደለው መሆኑን አያውቅም። በዚህ ውስጥ ወንጀለኛ የለም፤ ያጠፉት ሁሉ ደኑን ወደው የመጡ ናቸው።

የተበላሸውን ሠፈር ትቶ ወደ ሌላ መሄድ የጥንት ዘዴ ነው፤ እኛም እናውቀዋለን። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ በሰፈሩ ጊዜ በዙሪያው ያለው ጥድ ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ ተመናመነ። በ1886 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው ከሥሩ አዲስ አበባን ቢቈረቍሩም፣ ብዙ ሳይቆይ ማገዶ እዚያም አስቸገረ፤ በ1900 ዓ. ም. ገደማ አዲስ ዓለም የተባለ ሌላ ከተማ እስከ መጀመር ተደረሰ። ዋና ከተማውን ከመዛወር ያዳነው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ማይነክ በ1932 ዓ. ም. ያቀረበው ዘዴ ከዚህ የተለየ ነበር። መንገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ክብ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ ከመንገዱ ወጣ ያለች አጭር የመኪና ማቆሚያ ትሰጠው፤ ገበታውና ምድጃው ከመሬት ጋር ይተከል፤ መኪናው አልፎ እንዳይገባ በመንገዱ ዳር ትልልቅ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደርደር፤ በመካከሉ ያለው ቍጥቋጦም አይነካ። ይህ ሐሳብ በጽሑፍ ብቻ አልቀረም፤ ከ1933 እስከ 1942 ዓ. ም. መንግሥት ሥራ ላጡ ወጣቶች ባቋቋመው የደን ሥራ ብዙ ስፍራዎች በዚሁ አኳኋን ተሠሩ። ዛሬ የአሜሪካ መንገደኛ ቍጥር ተጽፎበት የሚያገኘው የድንኳን ቦታ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ ለዋናና ለድንኳን ማደሪያ ከታወቀ ቆይቷል። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ዋናተኛው አይፈራውም። ከዋናው መንገድ ማዶ በአብያታና በሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራሩን ያመናመነው ምሳርና የከሰል ጕድጓድ ነው እንጂ ድንኳን አይደለም፤ ስለዚህ ተዝናኙን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነገር ግን የምሳር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ከሳሽም ምስክርም ያገኛል። ከግራር ሥር ገብቶ የሚቆም መኪና ከሳሽ የለውም። በሐይቅ ዳር ለእንግዳ ስፍራ የሚያሰናዳ ሰው በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ማደሪያ ቤቱና ስለ መብራቱ ነው፤ መኪናው የት እንደሚቆም ለእንግዳው ፈቃድ ይተወዋል። ማቆሚያውን ለመለየት የሚያስፈልገው ድንጋይ በስምጥ ሸለቆ ሞልቷል፤ የሚደረድረውም ሰው ከቅርብ መንደር ይገኛል።