ሪቦፍላቪን ወደ ኮርኒያ የሚሰርግበት መንገድ፤ አጭር የሕክምና ታሪክ

በምሥራቃዊ አዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአገሪቱ ዋነኛ የዓይን ሕክምና ማዕከል ሆኖ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ «የዓይን ብሌን ልገሳ» የሚለው ሐረግ በሕዝቡ ዘንድ ተለምዷል። በጠባቡ ትርጉሙ ብሌን በዓይን መካከል የሚታየው ጥቁር ቀዳዳ ሲሆን፣ የሚለገሰው ግን ከእርሱ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያ ነው። የሳይንስ መምህራን ይህን ልዩነት ለተማሪዎች ቢያስረዱ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005/06 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶ የሚሆነው በትራኮማ ምክንያት ከሚደርስ የኮርኒያ ጠባሳ የመጣ ነበር። ጠባሳ ከውጭ ይታያል። ኬራቶኮነስ የተባለው ሕመም ግን በዓይን አይለይም፤ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል፣ ኮርኒያው እየሳሳ ሄዶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ከቦሌ እስከ ኮተቤ ባሉ ክፍሎች ውስጥ መነጽሩ በየጊዜው የሚለወጥለት፣ ሰሌዳው አልታይ ብሎት ወደ ፊተኛው ወንበር የሚዛወር፣ ዓይኑንም ዘወትር የሚያሽ ተማሪ ሰነፍ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በተለይ ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኖቲንግሃም ሕመሙን በዝርዝር የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የሕመሙን ጉዞ የሚገታ መድኃኒት አልተገኘም። ጠንካራ ሌንስ እይታን ያሻሽላል፤ እርሱ ካልሠራ የሚቀረው ኤድዋርድ ዚርም እ.ኤ.አ. በ1905 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ያከናወነው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነበር። ንቅለ ተከላ ደግሞ ያለ ለጋሽ አይሆንም።

በ1990ዎቹ በጀርመን አገር በድሬስደን ቴዎ ዛይለር፣ ኤበርሃርድ ሽፐርልና ግሬጎር ቮለንሳክ አዲስ መንገድ ፈለጉ። በስኳር ሕመምተኞች ላይ ኬራቶኮነስ እምብዛም አይታይም፤ ስኳር የኮላጅን ክሮችን እርስ በርስ አስተሳስሮ ያጠነክራልና። ይህን ዓመታት የሚወስድ ሥራ በአንድ ሰዓት ለመፈጸም የመረጡት ሪቦፍላቪንን፣ ማለትም በወተትና በእንቁላል ውስጥ የሚገኘውን ቢጫውን ቫይታሚን ቢ2 ነው።

ችግሩ ቫይታሚኑን ማስገባቱ ላይ ነበር። ሪቦፍላቪን በውኃ የሚሟሟ ሲሆን፣ የኮርኒያው የላይኛ ሽፋን ሕዋሳት ግን እጅግ ተጣብቀው የተደረደሩ ስለሆኑ አያሳልፉትም። ስለዚህ ሐኪሙ በማደንዘዣ መካከለኛውን ሽፋን ይገፋል፤ 0.1 በመቶ የሆነውን ጠብታም በየጥቂት ደቂቃው ለግማሽ ሰዓት ያንጠባጥባል። በዓይኑ የፊት ክፍል ቢጫ ፍካት በመመርመሪያው ሲታይ መስረጉ ይረጋገጣል። ቀጥሎ 370 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ለሌላ ግማሽ ሰዓት ይበራል። ቫይታሚኑ በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በኦክስጅን አማካይነት ክሮቹን ያስተሳስራል፣ ጨረሩንም በመምጠጥ ከበስተ ውስጥ ያሉትንና እንደገና የማይተኩትን ሕዋሳት ይከላከላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ደጋ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ብርቱ ቢሆንም ለዓይን ጉዳት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናት በ22 ሕሙማን 23 ዓይኖች ላይ ሕመሙ በሁሉም ቆመ፤ በ16ቱ ዓይኖች ላይ መጠነኛ መሻሻል ታየ። ይሁን እንጂ ውፍረቱ ከ400 ማይክሮን ያነሰ ኮርኒያ ጨረሩን ወደ ውስጥ ስለሚያሳልፍ ለዚህ ሕክምና አይበቃም ተባለ። ፋርሃድ ሐፈዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮርኒያውን ውኃ አስመጥጦ የሚያሳብጥ ቀጭን የሪቦፍላቪን ውሕድ በመጠቀም ገደቡን በከፊል አላሉት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሕክምናው የተበላሸውን ቅርጽ አይመልስም፤ ባለበት ያቆመዋል እንጂ። የተገፋው ሽፋን በለስላሳ ሌንስ ሥር በጥቂት ቀናት ይተካል፤ እስከዚያው ሕመም ስላለ ተማሪው ከክፍል ይቀራል። ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ከመነጽሩ ጋር ነው።