ከማንሳት ወደ መቀነስ፦ አዲስ አበባ፣ የጽዳት ማኅበራትና አምራቾች

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከጽዳት ማኅበራትና ከአምራች ድርጅቶች ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ ጥያቄ ይመረምራል፦ ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ቢቀንስ ተጠቃሚው ማን ነው? ትብብሩ የተገነባው ቆሻሻን ለማንሳት እንጂ ለመቀነስ እንዳልሆነ፣ የክፍያው ሥርዓት ካልተለወጠም የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ብቻውን ብዙ እንደማያራምድ ይከራከራል።

መነሻ

ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ የመዲናዋን ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲቀበል ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ ሥራ የጀመረው አዲስ ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በተጠጉ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የተነደፈው የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ቆሼም፣ ሰንዳፋም፣ ረጲም «ቆሻሻው ወዴት ይሂድ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። «ይህን ያህል ለምን ይወጣል?» የሚለው ግን እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም።

ማን ለምን ይከፈለዋል?

በጋሪና በማዳበሪያ ከረጢት ከደጅ ደጅ እየዞሩ የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበራት፣ አስተዳደሩ ከትናንሽ ድርጅቶች ጋር የመሠረተው ትልቁ ትብብር ናቸው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ሴቶች ሲሆኑ የከተማዋ ጤና በእነርሱ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው አሠራር የሚከፈላቸው ወደ ገንዳው ባደረሱት መጠን ልክ ነው። ነዋሪው በበኩሉ የጽዳት ክፍያውን የሚፈጽመው ከውሃ ፍጆታው ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብ ቤተሰብ ክፍያው ይቀንስለታል፤ ቆሻሻ የሚቀንስ ቤተሰብ ግን ምንም አይተርፈውም። ማኅበሩም ቆሻሻ ሲያንስ ገቢው ያንሳል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን የመለየት ግዴታ በአባወራውና በእማወራዋ ላይ ቢጥልም፣ በየቤቱ የተለየው አንድ ጋሪ ላይ መልሶ ከተደባለቀ ትእዛዙ ከወረቀት አያልፍም።

የሚበሰብሰው ክፍል

ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፦ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገራባ። እርጥብ በመሆኑ ለማቃጠል አይመችም፤ ክምር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ አየር በሌለበት እየበሰበሰ ሚቴን ያመነጫል። ወረቀቱንና ፕላስቲኩንም አርሶ ዋጋ ያሳጣቸዋል። መለየት መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ነዋሪዎች በሚጥሉት መጠን እንዲከፍሉ አደረገች፤ በ2005 የምግብ ትራፊ በቀጥታ እንዳይቀበር ከለከለች፤ ኋላም በብዙ ሰፈሮች ትራፊውን እየመዘነ የሚያስከፍል ማሽን ተከለች። በአዲስ አበባ እያንዳንዱን ቤት መመዘን ለጊዜው ከባድ ነው። ለማኅበራት የሚከፈለውን መለወጥ ግን ይቻላል፤ ለይተው ላመጡት የሚበሰብስ ቆሻሻ ከተደባለቀው የተሻለ ዋጋ ማግኘት አለባቸው። ከዚያ ለሚወጣው የተፈጥሮ ማዳበሪያ ደግሞ ለመናፈሻዎቿና ለመንገድ ዳር ተክሎቿ አፈር የሚያስፈልጋት ከተማዋ ራሷ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ልትሆን ትችላለች።

የሕንዷ ፑኔ ከተማ ተሞክሮም ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማው አስተዳደር የቆሻሻ ለቃሚዎች የራሳቸው ሀብት ከሆነው ከስዋች የኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ተዋዋለ። አባላቱ ከየደጁ ይሰበስባሉ፤ ቤተሰቦች ወርሃዊ ክፍያ ይከፍሏቸዋል፤ ለይተው የሚሸጡትም የራሳቸው ገቢ ነው። ስለዚህ ብዙ መለየት ለሰብሳቢው ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ ሆነ።

ጠርሙስና ፕላስቲክ

አምራቹን ለመጠየቅ ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በሳጥን ወደ ፋብሪካ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ይሞላል፤ ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ገዢ ለባለሱቁ መያዣ ይሰጣል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ የሚገዛው ብረትና ዕቃም ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ባዶው ዕቃ ዋጋ ስላለው ነው። የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ፕላስቲክ ግን ሲመጣ ያለ መያዣ መጣ። ጠርሙስ የማስመለሱ ወጪ ከፋብሪካው ትከሻ ወርዶ በከተማዋ ላይ አረፈ።

የ1999ኙ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ክልከላውን ወደ ፕላስቲክ ከረጢቶች በጠቅላላ አሰፋው። እርምጃው የሚደገፍ ነው፤ የውሃውን ፕላስቲክ ግን ብቻውን አይመልስም። ለመስተዋት ጠርሙስ የሚያዘው መያዣ ለፕላስቲኩም ቢያዝ፣ ከየሱቁ የማሰባሰቡን ወጪም አምራቾቹ በጋራ ቢሸፍኑ፣ በየቦዩ የሚታየው ሁሉ ለቃሚ ያገኛል።

ማጠቃለያ

ሦስት ለውጦች ያስፈልጋሉ፦ ለማኅበራት የሚከፈለው በብዛት ብቻ ሳይሆን በመለየት እንዲተመን፣ የነዋሪው የጽዳት ክፍያ ቀስ በቀስ ከውሃ ፍጆታ ተላቆ ለይቶ የሚያስረክበውን እንዲክስ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምራቾች በመያዣ ሥርዓት እንዲታቀፉ። እዚህ ላይ የሚነሳው ተገቢ ስጋት የሰብሳቢዎቹ እንጀራ ነው። ቆሻሻ ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚጎዱት ዛሬም በአነስተኛ ገቢ የሚኖሩት እነርሱ ከሆኑ፣ ለውጡ ፍትሐዊ አይሆንም፤ አይዘልቅምም። ስለዚህ አዲሱ ተመን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የማኅበራቱ ገቢ ከነበረበት እንዳይወርድ በውል ሊረጋገጥ፣ በድርድሩም ተወካዮቻቸው ከአስተዳደሩና ከአምራቾቹ እኩል ሊቀመጡ ይገባል።